ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሰዓት

እኔና ባለቤቴ ዓይደር ውስጥ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ፈንጠር ብሎ ባለ ፎቅ ሥር፣ አነስተኛ የአልትራሳውንድ ክፍል አለን። «አለን» ስል ሥራው የእሷ ነው። ማሽኑን የምትይዘው እሷ፣ ምስሉን የምታነበው እሷ፣ ነፍሰ ጡሮቹም ጠይቀው የሚመጡት እሷን ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ በትዳር መቐለ የገባሁ ሰው ነኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ካርድ አወጣለሁ፣ ወረቀት አትማለሁ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር አስነሳለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ እነጫነጫለሁ። በገመድ የተያያዙ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉን። የእኛ ኔትወርክ እንግዲህ ይኼው ነው።

ከጦርነቱ በፊት የነበረን ዕቃ አንዱም የለም። ተመልሰን በሩን ስንከፍት ማሽኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ የታካሚ ወንበሩም ሄዷል። እኔ በወንበሮቹ ተናደድኩ፤ ጠንካራ እንጨት ነበሩ። ባለቤቴ ግን ያለቀሰችው በኮምፒውተሩ ውስጥ ለነበሩት ምስሎች ነው። ማሽን ይገዛል፣ ወንበር ይሠራል፣ ያ ግን ከየት ይመጣል አለች።

ከምስሎቹ መሐል የታናሽ እህቷ ልብ ነበረበት። ልጅቷ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት ከርሞ ሕመሙ ወደ ልቧ ወረደና አንዱ የልቧ በር በደንብ አልገጥም አለ። ሐኪም ለረጅም ዘመን በየወሩ የምትወጋው መርፌ አዘዘላት። መርፌው በሽታውን አያድንም፣ እንዳይብስ ያደርጋል። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ መርፌው ከከተማው ጠፋ። ባለቤቴ የማታውቀው ፋርማሲ የለም፤ ሁሉም ጋ ሄደች፣ ሁሉም የለም አሏት። መንገድ ተከፍቶ መድኃኒት ሲገባ ልጅቷ እንዳ ኢየሱስ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ መማር ጀምራለች። ዳገቱን ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ መሐል ላይ ጫማ የምታስር መስላ እያጎነበሰች እንደምታርፍ የነገረችን ራሷ ናት። እየሳቀች ነው የነገረችን። እኛም አብረናት ሳቅን፣ ከዚያ ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የልብ ሐኪም አሉ። ልጅቷን በማዳመጫ ሲያዳምጧት ፊታቸው ከበደ። በሩ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል አሉ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራ ቡድን በየጊዜው አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ሰው ይመርጣል፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀው ብዙ። ቡድኑ የሚመርጠው የቀድሞውን ምስል ከአሁኑ ጋር አስተያይቶ ነው። ልቡ በፍጥነት እየተበላሸ ያለውን፣ ግን ገና ቢላዋ የሚችለውን ሰው ያስቀድማል። የተጻፈ ውጤት ብቻ ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ ልቡ ሲንቀሳቀስ ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። ሐኪሙ የድሮው ምስል ቢኖር ጥሩ ነበር አሉና እንደገና ከሀ እንጀምራለን ብለው አጽናኑን። ለአዲሱ ማሽን ያዘዝነው የልብ መመርመሪያ ዕቃ ሲመጣልን በየጊዜው ያነሷታል፣ ልዩነቱ ሲታይ ለቡድኑ ያቀርቧታል። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ለባለቤቴ፣ «የአሁኑን አደራ፣ እንዳይጠፋ» አሏት።

ባክአፕ የሚለው ቃል ቤታችን የገባው ያን ቀን ነው። በአማርኛ መጠባበቂያ ይሉታል። እኔ ቃሉን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ጨዋታው እስኪያልቅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይገባ፣ ማሊያው ሳይቆሽሽ ወደ ቤቱ የሚሄደው ተጫዋች ነው። ይኼን ብዬ ባለቤቴን ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነገር ለእሷ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተቃጥሎባታል።

ባለሙያ አስመጣን። እዚሁ ተምሮ የተመረቀ፣ ከተማ መሐል የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚያስረዳ ጨዋ ሰው ነው። በመጀመሪያ የነገረን ምስሎቹን በኢንተርኔት አሻግሮ ሌላ አገር ስለማስቀመጥ ነው። ክላውድ ይሉታል፣ ደመና ማለት ነው። እናት የልጇን ድምፅ በስልክ ሳትሰማ በከረመችበት ከተማ ውስጥ ሀብታችንን ደመና ላይ እንስቀል? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት። ሰውየው ራሱ ሳቀና ነገሩን አልገፋበትም። አንድ የልብ ምስል ለመላክ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ መሐል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ እንደገና ነው አለ።

ቀጥሎ ያለው በእጅ የሚሠራ ነው፤ ማታ ማታ በትንሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ወደ ቤት ይዞ መሄድ። እኔ ይኼን ወደድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የማይገባ ነገር የእኔ አይመስለኝም። ባለቤቴ ግን እምቢ አለች። ሰው ይረሳል፣ ሰው ይታመማል፣ ሰው ልቅሶ ይሄዳል አለች። ይኼ አልበቃ ብሏት፣ በባለሙያው ፊት፣ ጃንጥላዬን የት የት ጥዬ እንደመጣሁ ዘረዘረችልኝ። ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሮ ፈገግታውን ደበቀ።

የመረጥነው እሷ የመረጠችውን ነው፤ ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ሳጥን። ውስጡ ሁለት ዲስክ አለ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ስለሚጻፍ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ሁለቱም ቢሞቱስ? ለዚያ ደግሞ ሳጥኑ በየቀኑ፣ በተነገረው ሰዓት፣ ጎኑ ላይ በተሰካ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ራሱ ይገለብጣል። ማንም አይነካውም፣ ማንም ማስታወስ የለበትም። የአልትራሳውንድ ማሽኑ የራሱ ማከማቻ ጠባብ ስለሆነ ምስሎቹን ወደ ሳጥኑ እያስተላለፍን ማሽኑን ባዶ እናደርጋለን። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ነገር ደስ ይላታል። እኔም ከሃርድ ዲስክ ተሸካሚነት ስለዳንኩ አልተከራከርኩም።

የቀረው ሰዓቱን መወሰን ብቻ ነበር። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመለስ የጉልበቱ ነገር አይታወቅም። ስለዚህ አቦይ የምንላቸው ሽማግሌ ዘበኛችን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የክፍሉን ዋና ማብሪያ ያጠፋሉ፤ ጠዋት እኔ አበራለሁ። ባለቤቴ ይኼን ሁሉ አስባ፣ የመጨረሻዋ ታካሚ ከሄደች በኋላ፣ አቦይም መብራቱን ሳያጠፉ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይገልብጥ ብላ ወሰነች።

ባለሙያው ሳጥኑን ሱቁ ወስዶ እያዘጋጀ ሳለ ደወለና በስንት ሰዓት ይሁን ብሎ ጠየቃት። «ሰባት ሰዓት» አለችው። አጠገቧ ነበርኩ፣ አልገረመኝም። ማሽኗ በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ አብራው ስትውል ሰዓት መገልበጥ ለምዶባታል። የእኛ ማታ አንድ ሰዓት በፈረንጅ ሰባት ነው። ሳጥኑም የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ሰውየው እንዳይቸገር ብላ ቀድማ ገልብጣ ነገረችው። «ሕራይ» ብሎ ተስማማ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ሳጥኑን አምጥቶ ገጠመልን። ለሙከራ በእጁ አስጀመረውና የነፍሰ ጡሮቹ ምስል ሁሉ ዓይናችን እያየ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተገለበጠ፤ የልብ መመርመሪያው ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚቀጥለው ቅጂ 1:00 ላይ እንደሆነ ተጻፈ። ባለቤቴ አየችውና ፊቷ በራ። ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ «አየህ፣ በእኛ ሰዓት አድርጎልናል» አለችኝ። ዕቃው አገርኛ የቆጠረላት መስሏት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት ጥቃቅን የላቲን ፊደሎች ነበሩ። እነሱን ማን ያያል?

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሰላም ነበር ማለት እችላለሁ። ሃርድ ዲስኩ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት ቀኑን ሙሉ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ኤሌክትሪክ ስላገኘች ብቻ እንደምትበራ አላወቅንም፤ የምትሠራ ነበር የመሰለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ነው። ባለቤቴ ስታልፍ ስታገድም በጣቷ ነካ ታደርጋት ነበር።

የልብ መመርመሪያው መጣ። ሐኪሙ ሲያነሷት እኔም እንድገባ ልጅቷ ፈቀደችልኝ። የልቧ በር እንደ በር አልነበረም፤ ነፋስ እንደሚመታው መጋረጃ ነበር። ልጅቷ አንገቷን አዙራ የገዛ ልቧን ለረጅም ጊዜ አየችና ሥራ የበዛበት ይመስላል አለች። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ተነሳች። ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን። ብሷል። እኔ የማላውቀው ሰው እንኳ መባሱ ታየኝ። ግን እሳቸው ይኼ ነው ቡድኑ ማየት የሚፈልገው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባታለን አሉ። ያን ዕለት ማታ እቤት ጠጅ ገዝቼ ገባሁ። በእህቷ መታመም የጠጣን ሊመስል ይችላል። የጠጣነው ተስፋ ስላገኘን ነው።

ከስብሰባው በፊት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን ላስነሳ ስወጣ ተመልሶ መጣ፣ አመጣጡ ግን የጤና አልነበረም። አምፖሎቹ ነጭ ሆነው በሩ፣ ሁለቱ ጠፉ፣ ከሳጥኑ በኩል የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። የአልትራሳውንድ ማሽኑ የራሱ መከላከያ ስላለው ተረፈ። ሳጥኑ ሞተ፤ ሁለቱ ዲስኮች ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አብረው ሞቱ። ባለቤቴ አልደነገጠችም። እንዲያውም እኔን አረጋጋችኝ። ሃርድ ዲስኩ አለ፣ ለዚህ አይደል የገዛነው አለችኝና ወደ ታካሚዋ ተመለሰች።

ባለሙያው በማግሥቱ መጣ። ሃርድ ዲስኩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ሰላም ነው፣ ምንም አልሆነም። ከፈተው። ውስጡ አንድ ፎልደር ብቻ ነበር፣ የሙከራው ቀን። ነቅሎ እንደገና ሰካው። ሌላ ገመድ አምጡ አለ፣ አመጣሁ። ያው አንድ ፎልደር ነው። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አላት።

«ሰባት ሰዓት።»

«ሰባት ሰዓት ነው ያደረግሁት፣ ሓፍተይ። ሌሊት ሰባት ሰዓት። በፈረንጅ ስገለብጠው አንድ ሆነ፣ አንድ ብዬ ጻፍኩት።»

«እኔ እኮ ገልብጬ ነው የነገርኩህ» አለችው።

«እኔም ገለበጥኩት።»

ምስል መገልበጥም፣ ሰዓት መገልበጥም በእኛ አፍ አንድ ቃል ነው። ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ፣ ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገለበጠም። እሷ ለእሱ ብላ፣ እሱ ለእሷ ብሎ፣ ሁለቱም እንዳይከብድ አስበው፣ ሳጥኑን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቀጠሩት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ አቦይ መብራቱን ካጠፉ ቆይተዋል። ሳጥኑ በየሌሊቱ ሥራው ሲደርስ ተኝቶ፣ ጠዋት እኔ ሳበራው ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳ ነበር። ይስተካከል የነበረው በአንዲት ጥያቄ ነው፤ በማን ሰዓት? ይኼን የምታህል ጥያቄ ከሁለት አስተዋይ ሰዎች አንዱ አልጠየቃትም። ሰው ሲጣላ ቢያበላሽ ይገባኛል። ሰው ሲከባበር እንዲህ ሲያበላሽ ግን ማንን እንደምሰድብ ግራ ገባኝ፣ ያን ዕለት ሳጥኑን ሰደብኩት።

ባለሙያው የተቃጠሉትን ዲስኮች በራሱ ወጪ አዲስ አበባ ላከ። አይድኑም ተባለ። የነፍሰ ጡሮቹ ምስል ቢጠፋም ልጆቹ ተወልደዋል፤ ማንም መጥቶ አልጠየቀንም። ባለቤቴ ግን ለእህቷ መንገር ነበረባት። አብሬያት ልሁን ብላት አይሆንም አለች። ሁለቱ ተነጋግረው ከጓዳ ሲወጡ ዓይኗ ያበጠው የባለቤቴ ነው፤ ታናሽዬዋ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «ኣጆኺ» ትላታለች።

ሐኪሙ ልጅቷን እንደገና አነሷትና አዲሱን ምስል ከተጻፈው የቀድሞ ውጤት ጋር ለቡድኑ ላኩ። ደብዳቤም ጻፉ፤ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ምስሎቹ በአደጋ ጠፍተዋል ብለው። መልሱ ጨዋ ነበር። በሩ መጎዳቱ ይታያል፣ የሚወዳደር ምስል ስለሌለ ግን በምን ፍጥነት እንደሚብስ ማወቅ አልተቻለም፤ መንፈቅ ቆይቶ ሌላ ምስል ተነስቶ ለሚቀጥለው ዙር ይቅረብ ይላል። አልፈርድባቸውም። እነሱ ፊት የተሰለፈው ሁሉ የሰው እህት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው መታመሙን ለማሳመን እንደገና መታመም አለበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው እኛ ነን።

ያ መንፈቅ አለፈ እንጂ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ልጅቷ ትምህርቷን አቋረጠችና እኛ ጋ ገባች። መጀመሪያ ትራስ ደራርባ ትተኛ ነበር፣ ኋላ ላይ ቁጭ ብላ። ባለቤቴ ጸሎት ስታደርግ ምን ብላ እንደምትጸልይ ለመጠየቅ ፈራሁ። እንዳይብስባት ነው ወይስ እንዲታይላት? አንድ ቀን ራሷ ነገረችኝ። ሁለቱንም እንደምትል፣ ከዚያም አፍራ እንደምታቆም።

በክፍላችን አሁን ሳጥን የለም። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ በእጇ ትገለብጣለች፣ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እቤት አደርሳለሁ። አንድ ቀን አልረሳሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ልክ ነው፣ እየጮኽን ነው።

ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙ አነሷት። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረጉ፣ አሁን ሁለቱም አሉ፣ ጥርት ያሉ ናቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጅቷን ልብሷን እንድትለብስ ብለው ሲልኳት እኛን አስቀሩን። ልዩነቱ ግልጽ ነው አሉ። ማንም ሊከራከርበት አይችልም። ከበሩ አልፎ ግን ልቧ ራሱ ደክሟል፣ የሳንባዋ ግፊትም ከፍ ብሏል፤ ይኼን አይቶ ቢላዋ የሚያነሳ የለም፣ እኔም ብሆን አላነሳም አሉ። መርፌውንና ኪኒኑን እንቀጥል፣ ጨው ቀንሱላት አሉ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ የጠፉት ምስሎች ያን ጊዜ ቀርበው ቢሆንስ? ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ገብታ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች። የተባለውን አልጠየቀችንም። ፊታችንን አይታ ጨርሳለች። አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ባለቤቴ ሃርድ ዲስኩን ሰክታ መገልበጥ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች።

«የኔን ነው የምትገለብጪው?» አለች ልጅቷ።

«እወ።»

«ስንት ቦታ ታስቀምጪዋለሽ?»

«ሦስት ቦታ።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ትንሽ ቆየች። «ጽቡቕ» አለች ራሷን በእሺታ ነቅንቃ፣ «ምስሌ እንኳ ይትረፍ።»

ባለቤቴ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳችም። መስመሯ ሞልታ እስክትጨርስ ሦስታችንም ጠበቅን።